እንግዳው ስፌት ለመደ፤ የሰፈራችን ልጅስ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎት ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው። ቱሪዝም የተማርን አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሥራ የለንም። እንግዳ መጥቶ ሐይቁን አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ከሚሄድ ከእናቶቻችን ጋር ተቀምጦ ስፌት የሚሞክርበት፣ ቡና የሚያፈላበት፣ ማሲንቆ የሚነካካበት፣ ምናልባትም ወዳጃ ዱዓ ላይ የሚቀመጥበት የአንድ ቀን ፕሮግራም አስበናል። ‹ፈጠራ ቱሪዝም› ይባላል አሉን። የሰፈራችን አንድ ትልቅ ሰው ግን ‹ባህላችሁን ልትቸረችሩት ነው› ብለው ተቆጡን። እውነት ይህ ነገር ቅርሱን ያቆየዋል ወይስ ያጠፋዋል? ደግሞስ በዚህ ጊዜ ማን ይመጣል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አብሽሪ። ሐሳባችሁ ጥሩ ነው። የተቆጧችሁ ሰውም ቢሆኑ ያለ ምክንያት አልተቆጡም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አየሁት። እንግዳው ምን እንደሚያደርግ ጽፈሻል። እናቶች ምን እንደሚያሳዩ ጽፈሻል። እናንተ አምስታችሁ ምን እንደምትሠሩም ገብቶኛል። አንድ ሰው ግን ፈልጌ አጣሁ፤ ከእናትሽ ሥር ቁጭ ብሎ ስፌት የሚለምድ የሐይቅ ልጅ። ቅርሱ ይቆያል ወይስ ይጠፋል ላልሽው መልሱ ያለው እሱ ጋ ነው። እንግዳው ግማሽ ቀን ሞክሮ ይሄዳል። ቤቱ ሲገባ ለጓደኞቹ ያወራል እንጂ መሶብ አይሰፋም። የእናትሽን ሙያ ነገ የሚይዘው የጎረቤት ልጅ ነው። የእንግዳው ገንዘብ ያንን ልጅ ካስተማረ ቅርስ ጠበቃችሁ። ካላስተማረ ግን የሠራችሁት ደስ የሚል ትርኢት ነው። እናቶች የደከሙ ቀን እሱም ይዘጋል።

በስሙ ብዙ አላደክምሽም። የፈጠራ ቱሪዝምን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2000 በጽሑፍ ያቀረቡት ግሬግ ሪቻርድስና ክሪስፒን ሬይመንድ ናቸው። እንግዳው ዝም ብሎ ከማየት አልፎ የቦታውን ልዩ ሙያ በእጁ እየሞከረ የራሱን ችሎታ የሚያዳብርበት ጉዞ ነው ይላሉ። ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። ከዚያ በፊት ዩሮቴክስ የሚባል ፕሮጀክት በፊንላንድ፣ በግሪክና በፖርቱጋል የእጅ ሽመናን ከቱሪዝም ጋር ለማያያዝ ሲሞክር ነበር። ችግራቸው የእኛው ችግር ነው። በእጅ የተሠራ ጨርቅ ጊዜ ይበላል፣ ዋጋው ይወደዳል፣ ገበያ ላይ ከፋብሪካው ዕቃ ጎን ሲቆም ይሸነፋል። እንግዶች ግን አሠራሩን ቀረብ ብለው ማየትና መሞከር ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ዋጋ የሚያወጣው ጨርቁ ብቻ ሳይሆን እውቀቱም እንደሆነ ታየ። የዩኔስኮ የፈጠራ ከተሞች መረብ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተቋቋመ በኋላ ነገሩ ይበልጥ ተሰማ። ሳንታ ፌ የምትባለው የአሜሪካ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2008 በዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አስተናገደች።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለወሎ ባዳ አይደለም። ወሎ እንግዳን በተማሪነት ሲቀበል የኖረ አገር ነው። የእናንተው ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር። በኋላም አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ እዚያው ተምረዋል። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ ይመጣል። ጎጆውን ይቀልሳል፣ ከየቤቱ ቁራሽ ይለምናል፣ ትምህርቱን ይይዛል። በእስልምናውም ተማሪው፣ ደረሳው፣ እንዲሁ ነው። ከየአገሩ ወደ ወሎ ሸሆች ይመጣል፤ መንደሩ ያበላዋል፤ ኪታብ ይማራል። ለዚህ «ሃይማኖታችንን ቸረቸራችሁት» ያለ ሰው የለም። የመጣው ሰው ዝቅ ብሎ ለመማር ነዋ የመጣው! ጊዜውን ይሰጣል። መምህሩም «ይህ ለአንተ ገና ነው» ማለት ይችላል። ከውጭ አገር ፕሮጀክት ከመኮረጃችሁ በፊት ይህን ከራሳችሁ ሰፈር ኮርጁ። የሚያዘው መምህሩ ነው፤ ተማሪው ከፋይ ቢሆንም።

እስቲ ስፌቱን እንያዝ። ከዘረዘርሻቸው ሁሉ ለመጀመሪያ የሚመቸው እሱ ነው። ዕቃው ቀላል ነው፤ አክርማና ስንደዶ የሚባሉት ሣሮች፣ ቀለም የገባ አለላ፣ ወስፌ፣ ውሃ የያዘ ሳህን። ሣሩ ከደረቀ ይሰበራል፤ ስለዚህ ረጠብ ይደረጋል። ወስፌው ይወጋል፣ ሣሩ በቀዳዳው ያልፋል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና። ሲያዩት ምንም አይመስልም። እንግዳው ግን ገና ከመነሻው ይወድቃል። የስፌት ከባዱ ቦታ መሃሉ ነው፤ ያች የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የመጀመሪያ ዙር። እሷ ከላላች ሰፌዱ በሙሉ ይጣመማል። ሙያ ያላት እናት እያወራች ትጠቀልላታለች። ለማያውቅ ሰው ግን ጠዋቱን ሙሉ ትፈጃለች። ያኔ ሰውየው ተስፋ ይቆርጥና ስልኩን ያወጣል።

ስለዚህ መሃሉ ተጀምሮለት ይቀበል። ሁለት ሦስት ዙር ይስፋ። ወስፌው ጣቱን ሲወጋው ይሳቅበት፣ እሱም ይሳቅ። ከዚያ እናት ይዩለት። ላልቶ ከሆነ ይፍቱት። እደግመዋለሁ፣ ይፍቱት! ብዙ ቦታ የማየው ጥፋት እንግዳ የነካውን ሁሉ «ጎበዝ፣ በጣም ቆንጆ» ማለት ነው። የገዛ ልጃቸው እንዲያ ብትሰፋ ቆንጥጠው ነበር የሚያስፈቷት። የእንግዳው ሥራ ሲፈታ ነው ሙያው ሙያ መሆኑ የሚገባው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ስኒ የሚቀመጥባት የምታህል ክብ ቢጨርስ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ደህና መሶብ የስንት ሳምንት እጅ እንደሚፈልግ ያን ጊዜ ራሱ ያሰላዋል። ከዚያ በኋላ ዋጋ ብዙም አይከራከርም። ቢከራከርም እያፈረ ነው።

ስለ ሣሩም ጠይቁ። ዛሬ በየገበያው የጆንያ ክርና ላስቲክ የገባበት ስፌት ታያላችሁ። እኔ በግሌ የላስቲኩን መሶብ አልጠላውም። እናቶች ያገኙትን ይዘው አዲስ ነገር መሥራታቸው ራሱ ሙያ ነው። ግን ወደዚያ የሄዱት ወደው ነው ወይስ ሣሩ ጠፍቶባቸው? ግጦሹ በልቶት ነው? ማሳ ሆኖ ነው? ስንደዶ የሚበቅልበት ዳር ከሌለ የስፌት ትምህርት የለም። አንድ ትንሽ ቦታ ከልሎ ሣር ማስቀረትም ቅርስ ጥበቃ ነው። ሪፖርት ላይ ስለማያምር ነው እንጂ የሚጠቅመው ከስንት ስብሰባ በላይ ነው።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ልጆች የእጅ ሙያ የማይለምዱት ገንዘብ ስለሌለው ብቻ አይደለም። ስድቡም አለ። ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን ስንት ስም ስናወጣላቸው ኖረናል። በሠራችው ጀበና ቡና እየጠጣን እሷን «ቡዳ» የምንል ጉዶች ነን። ልጇ ይህን እየሰማች አድጋ ጭቃ ልንካ አትልም። ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ሸክላም ይግባ። ስፌት በየትኛውም ቤት የክብር ሙያ ነው፤ ልጆች ባይለምዱትም አያፍሩበትም። ሸክላው ነው ሰው የሚያጣው። እንግዳ ከሩቅ መጥቶ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ «መምህሬ» ሲላት ሰፈሩ ያያል፤ ልጇም ታያለች። የስንት ዘመን ንቀት በአንድ ከሰዓት አይጠፋም። ቢሆንም ልጅቷ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አይታ አታውቅም። ብቻ አደራ፣ ሸክላ ሠሪዋ እንደ ሌሎቹ እናቶች እኩል ትከፈል፣ ከሌሎቹ ጋር አብራ ትብላ። ከጓሮ አስቀምጣችሁ ለፎቶ ብቻ ከጠራችኋት ያንኑ ስድብ በእንግሊዝኛ ደገማችሁት።

ወደ ብሩ እንምጣ። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ነው የማነሳው፤ የእናንተን ገበያ እናንተ ታውቃላችሁ። 6 እንግዶች በነፍስ ወከፍ 800 ብር ከፈሉ እንበል፤ 4,800 ብር ይሆናል። ከዚህ 2,000 ብር ለሁለት መምህራን እናቶች፣ 1,000 ብር ለምሳና ለቡና፣ 500 ብር ለሣርና ለቀለም፣ 700 ብር ለእናንተ። የቀረው 600 ብር የለማጆቹ ነው። «700 ብር ለአምስት ሰው ምን ይሆናል?» ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ ምንም አይሆንም። አምስት ወጣት በዚህ ሥራ ብቻ አይኖርም። ለጊዜው የጎን ሥራ አድርጋችሁ ያዙት። «ከነገ ጀምሮ ያበላችኋል» የሚል አማካሪ ካገኛችሁ ለእኔም ላኩልኝ፣ ልጠይቀው።

ያች 600 ብር ግን አትነካ። ምን ትሠራለች? ሁለት ልጆች፣ ሴትም ወንድም፣ በየቅዳሜው እናቶች ዘንድ እንዲመጡ ታደርጋለች። ሣር ትገዛለች፣ ለመምህሯ ሰዓት ትከፍላለች፣ ሻይ በዳቦ ታቀርባለች። ዋናው ነገር እንግዳ በሌለበት ሳምንትም ቅዳሜ ቅዳሜ መሆኑ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ለማጆቹ ጎኑ ይቀመጡ። ወስፌ አያያዝ እነሱ ያሳዩት። ሰው የሚያስተምረውን ነገር በደንብ ይይዘዋል። ከጊዜ በኋላ ለእንግዳው መሃሉን የምትጀምርለት ለማጇ ከሆነች ሥራችሁ ሠርቷል ማለት ነው። የቱሪዝም ቢሮ «ስንት እንግዳ መጣ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ሥራው ስለሆነ ይጠይቅ። እናንተ ግን ስንት ልጅ መሃል መጀመር ቻለ ብላችሁ ቁጠሩ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የዩኔስኮ ስምምነት፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀችው፣ የማይዳሰስ ቅርስን መጠበቅ ሲል ከትውልድ ወደ ትውልድ ማስተላለፍን አንድ አካሉ አድርጎ ይቆጥራል፤ መደበኛ ባልሆነ ትምህርትም ጭምር። መስቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ስምምነት መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ደስ ይላል። የእናትሽ ስፌት ግን መዝገብ ላይ ኖረ አልኖረ እጅ ከሌለው ያው ነው።

ላሊበላን ተመልከች። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በኋላም ከዝናብና ከፀሐይ እንዲጠብቃቸው ተብሎ ትልልቅ መጠለያ ተሠራላቸው፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ለድንጋዩ ይህ ሁሉ ሲጨነቅለት የፍየል ቆዳ ነክሮ፣ በእንጨት ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ ብራና የሚያወጣው ሰውስ? ከጥላሸት ቀለም የሚበጠብጠው ጸሐፊስ? ለእነሱ የተወጠረ መጠለያ የለም። እንዲህ ያለ ሙያ ያለው ሰው አካባቢያችሁ ካለ ግማሽ ቀን የእንግዳ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ብራና መፋቅ ግን ሽታ አለው፤ እንግዳውን አስቀድማችሁ ንገሩት።

የትልቁን ሰው ቁጣ ላንሳ። በትክክል ምን እንዳስቆጣቸው ጠይቃችኋቸዋል? ስፌቱ አይመስለኝም። ወዳጃው ይመስለኛል። እኔ ብሆን ወዳጃን ከፕሮግራሙ አወጣዋለሁ፤ ዛሬውኑ። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፦ ወዳጃ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ለዝናብ፣ ለታመመ፣ ለሰላም ዱዓ የሚደረግበት ነው። ወሎ ውስጥ «አሜን» ለማለት ክርስቲያን ጎረቤትም ይቀመጣል። ልመናው የምር ነው። የታመመው ሰው የምር ታሟል። ይህን ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ለስድስት እንግዳ «አድርጉልን» ማለት ነውር ነው። እንግዳው በአጋጣሚ ቤት ውስጥ ኖሮ ባለቤቶቹ «ቁጭ በል» ካሉት ይቀመጥ፤ ያ የወሎ ወግ ነው። በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ግን አይግባ።

መንዙማም እንደዚያው ነው። ነቢዩን ማወደሻ ነው። የሸኽ ጠልሃ ጃዕፈርን የአማርኛ መንዙማ ግጥምነቱን ለማወቅ የሚፈልግ እንግዳ ካለ ሸሆቹ ከፈቀዱ የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ያስረዳው፤ ያ ትምህርት ነው። እንግዳው ድቤ እየመታ «እንዲሞክር» ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሕሌትም፣ መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥም፣ ጀማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ የሚከበረው መውሊድም የትምህርት ክፍለ ጊዜ አይደሉም። እንግዳ ይሄዳል፣ ዳር ይቆማል፣ ያያል፣ ይመለሳል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ወንዶች ገዳም ሴት አትገባም፤ ይህን ለሴት እንግዶች ከመነሳታችሁ በፊት ንገሯቸው። በር ላይ ቆሞ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ መለመን መነኮሳቱንም እንግዳዋንም ማሳፈር ነው። እኔ መስመሩን የምለየው በቀላሉ ነው፤ የነገሩ አድማጭ ፈጣሪ ከሆነ ቲኬት አይቆረጥበትም።

ቡናው ላይ ደግሞ የእኔ ቂም አለ። በየሆቴሉ ጥግ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ አንድ ስኒ ተቀድቶ «የቡና ሥነ ሥርዓት አለቀ» ይባላል። ቶናዋ የት ሄደች? በረካዋስ? ወሎ ላይ ቡና የሚፈላው ለመጠጣት ብቻ አይደለም። በአቦሉና በበረካው መካከል ነው ጎረቤት የሚታረቀው፣ ሐሜቱም የሚቀመሰው፣ ምርቃቱም የሚወርደው። ስለዚህ ደንብ አውጡ፦ ለበረካ ጊዜ የሌለው እንግዳ አቦልም አይፈላለት። ሻይ ይጠጣና ይሂድ። እንግዳው ይቁላ፣ ይውቀጥ፣ ጀበናውን ይቅዳ፤ ሲደፋው ይደፋ። ከዚያ ግን ቁጭ ይበል። ብዙ እንግዳ ቀኑን ሙሉ ካደረገው ነገር ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን መቀመጥ ነው።

ስለ ሙዚቃው አጭር ላድርገው። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው፣ ያውም ከፈረስ ጭራ የተሠራ፣ መሣሪያ ስለሆነ እንግዳ ቀላል ይመስለዋል። ደጋኑን እጣን አስነክቶ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ማውጣት ከቻለ ከሰዓቱን በደንብ ተጠቀመበት በሉ። ዘፈን እንዲጫወት አትጣሩ። ይልቅ ጆሮውን አስተምሩት። አንድ ግጥም በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ተራ በተራ ይሰማ። አምስት ድምፅ ብቻ እየያዘ አንዱ ቅኝት ሲያስተክዝ ሌላው ለምን እንደሚያስነሳ ራሱ ይጠይቃል። አምባሰልን ለማስረዳት አንዳንዴ የማሪቱ ለገሠን ድምፅ ማሰማት ከስንት ማብራሪያ ይበልጣል። የባህል ምሽት ቤቶች ወሎን በሦስት ደቂቃ እስክስታ ጨርሰው ወደሚቀጥለው «ብሔረሰብ» ይሻገራሉ፤ እናንተ ያን የመድገም ግዴታ የለባችሁም። አዝማሪው ሲጫወት እንግዳ ስልኩን ከመደቀኑ በፊት ይስማሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም፣ ማለትም ለተጫዋቹም፣ መብት ይሰጣል፤ ብዙ አዝማሪ ይህን አያውቅም፣ እናንተ ንገሩት።

ባቲን አትርሱ። ሰኞ ገበያ ነው። አፋሩ ከቆላ፣ አማራውና ኦሮሞው ከደጋና ከወይና ደጋ ወርደው የሚገናኙበት፣ በአገሪቱ ከታወቁት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነው። ብዙ አስጎብኚ እንግዳን ወደ ግመሉ ወስዶ ፎቶ አስነስቶ ይመልሰዋል። እናንተ ለእንግዳው ዝርዝር ስጡት፤ ቡና፣ ጀበና፣ እጣን፣ ጨው። ከለማጆቹ አንዷ ትሂድለትና እሱ ራሱ ይከራከር። ገዝቶ የመጣበት ሰው ፊት ላይ ካሜራ አይደቅንም፤ ተዋውቆታላ።

አንድ የሕግ ጉዳይ አለ፣ ቀልድ የለበትም። እንግዳ ከቤተሰብ ጋር ሲላመድ «ያ የቆየ መስቀል፣ ያ የብራና መጽሐፍ አይሸጥም?» ማለት ይጀምራል። ቤቱ ችግር ላይ ከሆነ ደግሞ የሚሸጥ አይጠፋም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። እናንተ የዚያ ንግድ ድልድይ እንዳትሆኑ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ምን እንደጠፋብን እናውቃለን፤ የቀረውን በገዛ እጃችን አናውጣ። አዲስ የተሠራውን ግን በደንብ ሽጡ። ደረሰኝ ስጡ፤ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ፣ ከምን እንደተሠራ ይጻፍበት። አየር ማረፊያ ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ሲባል እንግዳው የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ማን ይመጣል ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ለጊዜው ፈረንጅ አትጠብቁ። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ሰሞን ማንንም «ኑ» አትበሉ። የእንግዳ ነፍስ ከፕሮግራማችሁ ይበልጣል። ሲረጋ ግን ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ደሴና ኮምቦልቻ ስንደዶ ነክተው የማያውቁ ስንት ተማሪዎች አሉ! የትምህርት ቤት ክበብ በአንድ ሚኒባስ ይመጣል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመጣል። ለገናና ለጥምቀት ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ዳያስፖራ ደግሞ አያት ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራው ያጣል፤ ልጆቹን ግማሽ ቀን ብትይዙለት ይመርቃችኋል። እነዚህ ትንሽ ይከፍላሉ፤ ግን ይመለሳሉ። ደግሞም የገዛ አገሩ ሰው ሲያይ እናቶች አይታለሉም። ቡናው ቢያጥር፣ ስፌቱ ቢላላ የደሴ ሰው ፊት ለፊት ይናገራል።

ባለቤትነቱን ከመጀመሪያው አጥብቁት። ሰሜን ወሎ መቄት ላይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የተቋቋሙትን የማኅበረሰብ የእንግዳ ማረፊያዎች እዩ። እንግዳው በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ የሚያሳድረውና የሚያበላው መንደሩ ራሱ ነው። እናንተም እናቶችን በቀን አበል የምትቀጥሩ ድርጅት አትሁኑ። እነሱም አባል ይሁኑ፣ ይፈርሙ፣ ሒሳቡን ይዩ። አንዷ እናት «በዚህ ሳምንት አይመቸኝም» ስትል ፕሮግራሙ ይሰረዝ እንጂ እሷ አትለመን።

አጀማመራችሁን በዚህ ቅደም ተከተል ብታደርጉት ይቀላል። ፖስተርና የፌስቡክ ገጽ ይቆይ። መጀመሪያ ሁለቱን ለማጆች ፈልጉ፤ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ወላጆቻቸውን አስፈቅዱ፤ ቅዳሜ ከትምህርት ጋር አይጋጭም። ሣሩን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ አሳጭዱ፤ ዘግይታችሁ ከገበያ ከገዛችሁት ይወደድባችኋል። ጥቂት ቅዳሜዎች ያለ እንግዳ ይሂዱ። ከዚያ ከደሴ የምታውቋቸውን ስድስት ሰዎች በነፃ ጥሩና እናቶች የት ላይ እንደሚሰለቹ፣ ምሳው በስንት ሰዓት ቢቀርብ እንደሚሻል፣ ሽንት ቤቱ እንደሚበቃ እዩ። የወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም አስቀድሞ ይወቀው፤ በኋላ ከሚጠራችሁ እናንተ ቀድማችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ሸክላ ሠሪ እናት ካገኛችሁ ጻፊልኝ፤ ለእንግዳ የሚሆነውን የሸክላ ትምህርት እንዴት እንደምትከፋፍሉት ለብቻው እመልስልሻለሁ። ጭቃው እስኪደርቅ ስለሚቆይ በአንድ ቀን አያልቅም።